ስለ ፋኤንዛ ከተማ የሸክላ ጥበብ

በማዕድ ላይ የሚቀርበውን ነጭ ሳሕን ስናይ፥ ጥበቡ ከየት እንደ መጣ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ፈረንሳዮች በነጭ ቅብ የተሸፈነውን የሸክላ ዕቃ «ፋያንስ» ብለው ሲጠሩት፥ የአንዲት ትንሽ የኢጣልያ ከተማ ስም መጥራታቸው ነው። ይህችውም ከቦሎኛ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በላሞኔ ወንዝ ዳር የምትገኘው ፋኤንዛ ናት። ዛሬ የዚችን ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን፤ የዓመቱም ቍጥር ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጭቃው በመንኰራኵር ላይ ቅርጽ ይዞ ከደረቀ በኋላ በእቶን ይተኰሳል። ቀጥሎም የተቃጠለ እርሳስና ቆርቆሮ ከአሸዋ ጋራ ተፈጭተው በተበጠበጡበት ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ቆርቆሮው ሸክላውን እንደ ወተት ያነጣዋል። ሠዓሊውም በዚህ ነጭ ላይ በኮባልት ሰማያዊ፥ በመዳብ አረንጓዴ፥ በአንቲሞን ብጫ፥ በማንጋኔዝ ሐምራዊ ይሥላል። ደረቁ ነጭ ቀለሙን ወዲያው ስለሚጠጣው የተሳተ መሥመር በቀላሉ አይፋቅም፤ ስለዚህ እጁ ያልጸና ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዕቃው ሁለተኛ ከእቶን ሲወጣ ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራል።

ጥበቡ ከእስላም አገሮች ተነሥቶ በስፔን በኩልም ወደ ኢጣልያ ደረሰ፤ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመትም ፋኤንዛ እጅግ ገነነችበት። የዕቃውም ጥቅም ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ወጣቱ ለሚያጫት ልጅ መልኳና ስሟ የተሣለበትን ሳሕን ይሰጣት ነበር። ሴት በወለደች ጊዜም፥ እኛ ለአራስ ገንፎ እንደምናቀርብ፥ በኢጣልያ ከተሞች ለአራሷ መረቅ የሚቀርብበት፥ እርስ በርሱ የሚደራረብ ሥዕል ያለበት የሸክላ ዕቃ ይበረከትላት ነበር። ከ16ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ጀምሮ እንደ ቪርጂልዮቶ ካላሜሊ ያሉ ሊቃውንት ሥዕሉን አሳንሰው የነጩን ውበት ስለ ገለጡ፥ «የፋኤንዛ ነጮች» የተባሉት ዕቃዎች በአውሮፓ ሁሉ ተፈለጉ።

የሥራው ምሥጢር ግን ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ነበርና ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ሊቀበር ይችል ነበር። በ1557 ገደማ የካስቴልዱራንቴ ሰው ቺፕሪያኖ ፒኮልፓሶ የሸክላ ሠሪውን ጥበብ በሦስት ክፍል ስለ ጻፈ፥ ኋላ የመጣው ትውልድ ሊያውቀው ቻለ። ከዚህም በኋላ ፖርሴሊንና የእንግሊዝ ዕቃ ገበያውን ሲወስዱበት ጥበቡ ተዳከመ።

በ1908 የሊቁ የቶሪቼሊ ሦስት መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር ትልቅ ኤግዚቢሽን ተደረገ፤ ጋኤታኖ ባላርዲኒም በዚያው ዓመት የሸክላ ሙዚየም መሠረተ። ቈይቶም ወጣቶች የሚማሩበት የሸክላ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ነገር ግን በግንቦት 13 ቀን 1944 የጦር አውሮፕላኖች ሙዚየሙን በቦምብ መቱት፤ በብዙ ድካም የተሰበሰበውም ዕቃ አብዛኛው ገል ሆነ።

ባላርዲኒ በዚያን ጊዜ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ነበር። እርሱ ግን ከፍርስራሹ ገሉን አስለቀመ፥ በየአገሩ ላሉ ሰዎችም ስለ እርዳታ ጻፈ። ስጦታው ከብዙ አገር መጣ፤ ስመ ጥሩው ሠዓሊ ፒካሶ እንኳ የእጁን ሥራ ላከ። ባላርዲኒ በ1953 ሲሞት ሙዚየሙ ዳግመኛ ቆሞ ነበር። በ2011ም ዩኔስኮ የሰላም ባህል ምስክር ነው ብሎ አከበረው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የተሰበረ ሸክላ ገል ነው፤ ጥበቡ ግን በመጽሐፍ ከተጻፈና ለልጆች ከተማረ፥ ቦምብም አይሰብረውም። ዕቃውን ማስቀመጥ መልካም ነው፤ የሠሪውን እውቀት ለልጅ ማስተማር ግን ከዚያ ይበልጣል።