አጋር ሲጠራ ምን ይመለሳል?

እ.ኤ.አ. በ1965 በቦነስ አይረስ በተካሄደው ብሪጅ የተባለው የካርታ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሁለት ስመ ጥር የብሪታንያ ተጫዋቾች፣ ቴሬንስ ሪስና ቦሪስ ሻፒሮ፣ በማጭበርበር ተከሰሱ። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ካርታ የያዙበት ጣታቸው ነበር። በካርታው ጀርባ ላይ የሚታዩት ጣቶች ቁጥር፣ በእጃቸው ስንት የልብ ካርታ እንዳለ ለአጋራቸው ይነግራል ተባለ። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ጥፋተኛ ናቸው አለ፤ በአገራቸው የተደረገው ምርመራ ግን ነጻ አወጣቸው። ክርክሩ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ እንኳ አልበረደም።

ሰረቁት የተባለው ምስጢር ምን እንደነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኤስ ወይም ንጉሥ የማን እጅ እንደገባ አይደለም፤ ስንት ልብ አለህ የሚለው ብቻ ነው። ለዚህች አንዲት ቁጥር የዓለም ዝና የሚያስይዝ ሰው ይኖራል ተብሎ መታመኑ፣ ብሪጅ ውስጥ ቁጥሯ ምን ያህል ውድ እንደሆነች ያሳያል። አጋር ጨረታ ውስጥ ገብቶ አንድ መደብ፣ ለምሳሌ ልብ፣ ሲጠራ ምን ተብሎ ይመለስለት የሚለው ጥያቄም ዞሮ ዞሮ እዚችው ቁጥር ላይ ያርፋል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ካርታ ብርቅ አይደለም። ክሬዚና ጆከር በየሰፈሩ ይጫወታሉ፤ ካርታ ከቁማር ጋር ስለሚያያዝም ብዙ ወላጅ ልጁ እጅ ላይ ሲያየው ፊቱ ይጠቁራል። ብሪጅ የሚጫወተው በዚሁ ባለ 52 ካርታ ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አጋሮች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል። በውድድር ላይ ደግሞ አንዱ ጠረጴዛ የተጫወተበትን ካርታ ሌላውም ጠረጴዛ እንዳለ ይጫወትበታል፤ ውጤቱ የሚነጻጸረው ያንኑ ካርታ ከያዙ ሌሎች ሰዎች ጋር ነው። ስለዚህ መጥፎ ካርታ ደረሰኝ ብሎ ማማረር ብዙም አያዋጣም። ጨዋታው ዛሬ ያለውን የነጥብ አቆጣጠር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት በፓናማ ቦይ በኩል ወደ ሃቫና በመርከብ ሲጓዝ ያወጣው ነው።

ካርታ ከመጣሉ በፊት ጨረታ አለ። በየዙሩ አራቱም አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ትልቁን የጣለ ይበላል፤ በጠቅላላው 13 ዙር አለ። በጨረታው እያንዳንዱ ወገን ይህን መደብ ትራምፕ አድርጌ ይህን ያህል ዙር እበላለሁ ብሎ ይዋዋላል። ትራምፕ የተባለው መደብ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ነው፤ የትራምፕ 2 የሌላውን መደብ ኤስ ይበላል። ጥሪው ከ6 በላይ ያለውን ይቆጥራል፤ «2 ልብ» ማለት ልብ ትራምፕ ሆኖ 8 ዙር እበላለሁ ማለት ነው። የመደቦቹ ደረጃ ከታች ወደ ላይ አበባ፣ ዳይመንድ፣ ልብ፣ ጦር ይሆንና ከሁሉም በላይ «ያለ ትራምፕ» የሚለው ጥሪ ይቀመጣል።

ችግሩ ቋንቋው ነው። ከ1 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮች፣ አምስቱ ስያሜዎች፣ ፓስ (ማለፍ)፣ ደብልና ሪደብል ሲደመሩ 15 ቃላት ናቸው። አንድ ሰው ሊደርሰው የሚችለው የ13 ካርታ ስብጥር ደግሞ ከ635 ቢሊዮን ይበልጣል። የአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ በዚህ በኩል ለጋስ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ሰንጠረዥ ከጻፉት እንደምንረዳው፣ በመክፈቻው የወረራ ምዕራፍ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ዙሪያውን የከበበው ተመልካችም ምክሩን ጮክ ብሎ ይለግሳል። በብሪጅ ጠረጴዛ ላይ ምክር ቀርቶ ረዘም ያለ ትንፋሽ እንኳ ያስጠይቃል።

አሁን በቡራዩ አንድ ግቢ ውስጥ እሑድ ከሰዓት አራት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል እንበል። የቤቱ እመቤትና ጡረተኛው መምህር አጋሮች ናቸው፤ ተጋጣሚዎቻቸው ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው «1 ዳይመንድ» ብሎ ጨረታውን ከፈተ። መምህሩ «1 ልብ» አሉ። ተጋጣሚ ከከፈተ በኋላ እንዲህ በላዩ ላይ መጥራት ኦቨርኮል ይባላል። ታናሽየው ፓስ አለ። ተራው የእመቤቲቱ ነው።

መምህሩ በአንዲት ቃል ሁለት ነገር ተናግረዋል። ቢያንስ 5 ልብ አለኝ ብለዋል፤ እጄም ባዶ አይደለም ብለዋል። የእጅ ጥንካሬ የሚለካው ኤስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ተብሎ ነው፤ ባለ 52ቱ ካርታ በሙሉ 40 ነጥብ አለው። ጨረታ የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። በ1 ደረጃ ኦቨርኮል የሚያደርግ ግን በ8 ነጥብም ሊገባ ይችላል፤ እስከ 16 ድረስም ሊኖረው ይችላል። እመቤቲቱን የሚያስቸግራት ይህ ስፋት ነው። መምህሩ በደካማ እጅ የተጋጣሚን መንገድ እየዘጉ ይሆን፣ ወይስ እውነተኛ ጉልበት ይዘው?

በእጇ ያለው ይህ ነው እንበል፦ ከጦር ንግሥት፣ 8፣ 5፣ 3፤ ከልብ ንጉሥ፣ 7፣ 4፤ ከዳይመንድ 9፣ 2፤ ከአበባ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 8፣ 3። ሲደመር 9 ነጥብ። ጀማሪ እዚህ ጋ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። ነጥቤ ትንሽ ነው ብሎ ፓስ ይላል፤ ወይም አራት ጦር ስላየ ጦር ይጠራል። ትክክለኛው መልስ «2 ልብ» ነው። የመምህሩ አምስትና የእርሷ ሦስት 8 ልብ ይሆናል፤ ከ13ቱ ለወንድማማቾቹ የሚቀራቸው 5 ብቻ ነው። ድጋፍ ያለው ሰው ድጋፉን ወዲያው ይናገር፤ ሌላውን ቢያዘገይ ብዙም አይጎዳም።

ነጥቡ ሲቀንስና ልቡ ሲበዛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከጦር 7 ብቻ፤ ከልብ ንጉሥ፣ 9፣ 6፣ 4፤ ከዳይመንድ 8፣ 5፣ 2፤ ከአበባ 10፣ 8፣ 6፣ 4፣ 3። ሦስት ነጥብ! ለአዲስ ተጫዋች ይህ የፓስ እጅ ነው። ልምድ ያላት እመቤት ግን ዘልላ «3 ልብ» ትላለች። ከጥንካሬ አይደለም። ነጥቡ ከእርሷ ዘንድ ከሌለ ከተጋጣሚዎቹ ዘንድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ጦርም እነርሱ ጋ የተከማቸ ይመስላል። ወንድማማቾቹ በ1 ደረጃ «ጦር አለኝ» ብለው ተረጋግተው መነጋገር ይችሉ ነበር፤ አሁን ጦር የሚጠሩት ከ3 ጀምረው ነው። ሳይነጋገሩ 9 ዙር ላይ መገኘት ቀላል አይደለም።

ለምን 3፣ ለምን 4 አይሆንም? ለዚህ መልስ የሰጠው ፈረንሳዊው ዣን ረኔ ቬርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ብሪጅ ወርልድ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው ምርጥ ትራምፕ ሊበሏቸው የሚችሉት ዙሮች ድምር ከትራምፖቻቸው ድምር ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። አሜሪካዊው ላሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ለተራ ተጫዋች በሚመች መንገድ አቀረበው፦ አንተና አጋርህ ያላችሁ የትራምፕ ቁጥር እስከሚደርስበት ዙር ድረስ ጥራ። 8 ትራምፕ ካለ 8 ዙር፣ ማለትም 2 ደረጃ፤ 9 ካለ 3 ደረጃ። ማይክ ሎውረንስና አንደርስ ቪርግረን እ.ኤ.አ. በ2004 ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ ይስታል ብለው ሙሉ መጽሐፍ ጻፉበት። እውነታቸውን ነው፤ የካርታው አከፋፈል ቁጥሩን ያዛባዋል። ቢሆንም በጨረታ መሐል፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ለሚወስን ጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

እጇ ብርቱ ሲሆንስ? ከጦር ኤስ፣ 9፣ 4፤ ከልብ ንጉሥ፣ 7፣ 4፤ ከዳይመንድ 9፣ 2፤ ከአበባ ኤስ፣ ንግሥት፣ 8፣ 3፣ 2። ይህ 13 ነጥብ ነው። «3 ልብ» ብትል መምህሩ ደካማ ናት ብለው ያልፏታል። ስለዚህ «2 ዳይመንድ» ትላለች፤ የተጋጣሚዋን መደብ! ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል። ነገር ግን ታላቅየው ቀድሞ የጠራውን ዳይመንድ ትራምፕ ላድርገው የሚል የለም፤ ጥሪው ሥራ ፈት ስለሆነ ሌላ ትርጉም ተሰጠው፦ ልብዎን እደግፋለሁ፣ እጄም ብርቱ ነው፣ እርስዎስ? መምህሩ ደካማ ከሆኑ «2 ልብ» ብለው ይመለሳሉ፤ ጠንካራ ከሆኑ ወደ «4 ልብ» ያመራሉ። ልዩነቱ በነጥብ ሲታይ ትልቅ ነው። 10 ዙር በልተው ውላቸው «3 ልብ» ከነበረ 170 ያገኛሉ፤ «4 ልብ» ከነበረ ያው 10 ዙር 420 ያስገኛል።

አንዳንዴ መሸነፍም ያዋጣል። ወንድማማቾቹ «4 ጦር» ደርሰው የሚያሳኩት ከሆነ 420 ይወስዳሉ። እመቤቲቱ «5 ልብ» ብላ፣ ተጋጣሚ ቅጣቱን ለማክበድ ደብል ብሏት፣ ሁለት ዙር ቢጎድላት ቅጣቱ 300 ነው፤ ከ420 ይሻላል። ነገር ግን በየካርታው ቅጣቱ የሚከብድበት ወገን የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ያ ወገን የእርሷ ከሆነ ያው ሁለት ዙር 500 ያስከፍላታል። ብዙ ሰው የሚከስረው ይህንን ሳያይ በስሜት ሲጠራ ነው።

ልብ ከሌላት መልሱ ቁጥብ ይሆናል። አንድ ልብ ብቻ ይዛ፣ ከዳይመንድ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 9፣ 4 ቢኖራትና ጠቅላላው 9 ነጥብ ቢሆን «1 ያለ ትራምፕ» ትላለች፤ የተጋጣሚውን መደብ የሚያቆም ካርታ አላት። በ5 ነጥብ ግን ፓስ ነው። አጋሬን ላድን ብሎ ሌላ መደብ መጥራት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጉድጓድ አውጥቶ የባሰው ውስጥ መክተት ነው፤ ይህን ልማድ ለመተው ብዙ ተጫዋች ዓመታት ይፈጅበታል።

ከሪስና ሻፒሮ ጉዳይ ወዲህ ጠረጴዛው ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትልልቅ ውድድሮች አጋሮች እንዳይተያዩ በመካከላቸው ሰያፍ ግርዶሽ ይቆማል። ጥሪውም በድምፅ መሆኑ ቀርቶ ቃሉ የተጻፈበትን ወረቀት ከሣጥን አውጥቶ ማሳየት ተለመደ፤ የድምፅ ቃናም ምስጢር ያወጣልና። ዓይነ ስውራን ሲጫወቱ ግን ድምፅ ይመለሳል፦ ካርታቸው ብሬል የታተመበት ነው፣ የተጣለው ካርታም ስሙ እየተጠራ ይነገራቸዋል። የታወቀው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት በሚገኝባት በሰበታ ይህ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው። ዕድሜም አይከለክልም፤ ብሪጅ የእስያ ጨዋታዎች ውስጥ በገባበት እ.ኤ.አ. በ2018 በጃካርታ፣ በወንዶች ጥንድ ወርቅ ያገኙት ሕንዳውያን ፕራናብ ባርዳንና ሺብናት ሳርካር የ60 እና የ56 ዓመት ሰዎች ነበሩ። አራት ሰው ያልተሟላለት የሱሉልታ ነዋሪም ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን በተባለው ገጽ ላይ በስልኩ መለማመድ ይችላል።

አንድ ጉዳይ ግን ጥንዶቹ ራሳቸው አስቀድመው መቁረጥ አለባቸው። እመቤቲቱ ከጦር ኤስ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 9፣ 6 ይዛ «1 ጦር» ብትል፣ መምህሩ የግድ እንደገና መጥራት አለባቸው ወይስ ማለፍ ይችላሉ? አንዳንዱ ጥንድ ግዴታ ነው ይላል፤ ሌላው አይደለም ይላል፤ ሁለቱም መንገድ ይሠራል። የማይሠራው አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ሲያስብ ነው። ስምምነቱ ደግሞ ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ በውድድር ላይ በካርድ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ታናሽየው «ይህ ጥሪ ምን ማለት ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ግርዶሽ በሌለበት ጠረጴዛ መልሱን የምትሰጠው ግን የጠራችው እመቤት አይደለችም፤ አጋሯ መምህሩ ናቸው።