ያበጠ ልስን

ግድግዳችሁን በጣት አንጓ አንኳኩት። ደህና ከሆነ ድፍን፣ የታፈነ ድምፅ ይመልሳል። የሲሚንቶው ልስን ከጭቃው ተላቅቆ ከሆነ ግን እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ቀለሙ ገና ሳይሰነጠቅ፣ ዓይንም ምንም ሳያይ፣ ጆሮ ቀድሞ ይሰማል።

ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ የሚጮኽ ግድግዳ ብዙ ነው። ከመንገድ ሲያዩት ብሎኬት የሚመስል ስንቱ ቤት፣ ከሲሚንቶው ቅርፊት ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ማገርና ጭድ የገባበት ጭቃ ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በወጉ የተያዘ ጭቃ ቤት የስምጥ ሸለቆውን የቀን ሙቀት ቀስ ብሎ ያስገባል፣ ሌሊት ደግሞ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ችግሩ የሚጀምረው ጭቃውን እንደ ድንጋይ ስንቆጥረው ነው።

ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ግርጌ ያለው የቤተሰቤ ቤት ይህን አስተምሮኛል። አባቴ ጭቃው ላይ ሽቦ አስመትቶ በሲሚንቶ አስለሰነው፤ ቤቱም አማረበት። ከጥቂት ክረምት በኋላ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ አበጠ። አንድ ግንበኛ መጥቶ ያበጠውን አራግፎ በአዲስ ሲሚንቶ ደፈነው። በዓመቱ ያው ቦታ እንደገና አበጠ፤ በሦስተኛው ዓመት የበር ስፋት ያህል ገጽ ወለል ላይ ወደቀ። ከጀርባው የነበረው ጭቃ ዛሬ እንደተቦካ እርጥብ ነበር። ማገሩን በጣቴ ስይዘው ተፈረፈረ።

ምክንያቱን ለመረዳት የሁለቱን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ የያዘውን ውኃም በገጹ በኩል ለአየር ይለቃል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ አብሮት አይለጠጥም፣ እርጥበትም እንደ ልብ አያሳልፍም። ከጭቃ ጋር ስለማይዋሐድ ሽቦ ይመታለታል፤ ስለዚህ ልስኑ የሚንጠለጠለው በጭቃው ላይ ሳይሆን በሽቦውና በምስማሩ ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትፈጠራለች። ዝናብ በዚያች ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ጭቃው ባበጠና በሟሸሸ ቁጥር ከልስኑ ይርቃል፣ ሽቦው ይዝጋል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ምስጥም የታፈነ እርጥብ እንጨት ይወዳል።

ይህ የእኛ ብቻ ስሕተት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ ዘመናት የተሻገሩ የጭቃ ቤቶች በሲሚንቶ ከተለበጡ በኋላ ውስጥ ለውስጥ እየራሱ የተናዱበት ጊዜ አለ። የጎንደር ፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥትም በድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ጠገኗቸው፣ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ግን ወደ ኖራው ተመለሱ። ድንጋዩ እንኳ እንደዚያ ካስፈለገው፣ ጭቃው ምን ይበል?

ጥገና ማለት እንግዲህ መጀመሪያ ውኃው በየት እንደገባ መፈለግ ነው። በቤታችን ይህን ያሳዩን ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው ናቸው። ጭቃ ሳይነኩ ግማሽ ቀን ቤቱን ሲዞሩ ዋሉ። ከኮርኒሱ ሥር ቡናማ ምልክት ካለ ጥፋቱ ከላይ ነው፦ የቆርቆሮ ምስማር ላልቷል፣ አሸንዳ ተደፍኗል፣ ወይም የጣሪያው ክፈፍ አጥሮ ዝናቡ ግድግዳ ይመታል። ከወለሉ በላይ እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ የጨው መስመር ከታየ ውኃው ከመሬት ወደ ላይ እየተሳበ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የሚባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑት ዝቅተኛ ሰፈሮች መሬቱ ራሱ እርጥበት ያቀብላል። ከታች ጭቃው ተሸርሽሮ ማገሩ ከወጣ ደግሞ ከመሬት የሚፈናጠር የዝናብ ጠብታ ነው።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ሰፈሩ ኮብልስቶን ሲነጠፍለት መንገዱ ከፍ ይላል፣ አሮጌው ቤት ግን ባለበት ይቀራል። ትናንት ወደ መንገድ ይወርድ የነበረው ጎርፍ ዛሬ ወደ ግቢ ይገባል። የእኛም ቤት ዋና ሕመም ይህ ሆኖ ተገኘ። ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀን ቦይ ቆፈርን፣ የግቢውን አፈርም ከወለሉ በታች እስኪሆን ዝቅ አደረግነው። ግድግዳው መድረቅ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ያበጠው ልስን በሙሉ፣ ድፍን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ፣ ከነሽቦው ይነሣል። ግድግዳው ተራቁቶ በበጋ ፀሐይ ሳምንታት ይቆያል፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፣ ብዙ ጥገናም የሚበላሸው እዚህ ላይ በሚደረግ ችኮላ ነው። ቋሚ እንጨት የሚበሰብሰው አብዛኛውን ጊዜ አፈርና አየር በሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ እዚያ በቢላዋ ይወጋል። ቢላዋው ዘልቆ ከገባ ጣሪያው በድጋፍ ይያዛል፣ የበሰበሰው ግርጌ ይቆረጣል፣ ከሥሩም የድንጋይ መሠረት ገብቶ ደረቅ እንጨት ይቀጠላል። ሁለት ቋሚ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ ጋሼ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር።

የወደቀው ጭቃ አይጣልም። ተፈርፍሮ፣ ተነክሮ፣ አዲስ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ቀናት እየተረገጠ ይቦካል። ጭዱ፣ ጭቃው ሲደርቅ የሚመጣውን አንዱን ትልቅ ስንጥቅ ወደ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቅ ይበትነዋል፤ አሸዋ ሲጨመር ደግሞ መሟሸሹ ይቀንሳል። መጠኑ እንደ አፈሩ ይለያያልና ሦስት አራት ዓይነት ድብልቅ በመዳፍ ስፋት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይደርቅና ያልተሰነጠቀው ይመረጣል። አሮጌው ገጽ ይጫራል፣ ውኃ ይረጭበታል፣ ከዚያ በስሱ ይመረጋል። ሲደርቅ ሁለተኛው ይደገማል። መጨረሻ ላይ በደንብ የተነፋ አፈርና እበት ይለሰናል፤ ኖራ ይቀባል። ኖራ ዝናቡን ይከላከላል፣ የውስጡን እርጥበት ግን አያፍንም።

ሲሚንቶ ቦታ የለውም አልልም። ከሥር፣ ድንጋዩን በማሰር፣ የውኃ ልኩን በመሥራት ወዳጅ ነው። ጭቃን በእርሱ መሸፈን ግን በሽተኛን አፍኖ እንደ ማስተኛት ነው። ኖራው በየጊዜው ይታደሳል፣ እውነት ነው፤ እድሳቱ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ቅባቱም ሲለቅ ይታያል። ሲሚንቶ ከጀርባው የሚሆነውን ይደብቃል።

ሐዋሳ ላይ የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ይጀምራል፤ የክረምቱም ይከተለዋል። ስለዚህ የጭቃ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ በጥር ግድግዳችሁን ከጥግ እስከ ጥግ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰማችሁ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን ዙሩና ውኃው የሚገባበትን አግኙ።