በውሻ ላይ የሚያገረሽ የቆዳ ፈንገስና የሕፃናት ቆረቆር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች ውሻ የቤትና የከብት ጠባቂ ነው። እረኛው ልጅ ከውሻው ጋር ይውላል፤ ማታም ውሻና ጥጃ ከቤተሰቡ ብዙ ሳይርቁ ያድራሉ። ስለዚህ የሻረ መስሎ የሚያገረሽ የውሻ ቆዳ ሕመም የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በውሻ ቆዳ ላይ የሚመላለሱት ፈንገሶች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ማላሴዚያ የተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ሲሆን በጤናማ ውሻ ቆዳና ጆሮ ላይም ይገኛል። ቆዳው በአለርጂ፣ በእከክ ወይም በሆርሞን መዛባት ሲጎዳ ይራባል፤ በዚህ ጊዜ ቆዳው ይወዛል፣ ይሸታል፣ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። መነሻው ሕመም ካልታከመ ደጋግሞ ይመለሳል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈው ግን ከስንት አንዴ ነው።

ሁለተኛው የጭርት ፈንገስ ነው። ከእነዚህ መካከል ማይክሮስፖረም ካኒስ ከውሻና ከድመት፣ ትራይኮፋይተን ቬሩኮሰም ደግሞ ከጥጃ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። የእንስሳው ፀጉር በክብ ቅርፅ ይረግፋል። የማይክሮስፖረም ካኒስ ዘር በረገፈ ፀጉርና በመኝታ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል የታከመው ልጅ እንደገና ሊያዝ ይችላል።

ይህ ሲባል ቆረቆር ሁሉ ከእንስሳ ይመጣል ማለት አይደለም። በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች በሕፃናት ራስ ላይ በብዛት የተገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ሲሆን፣ ከሰው ወደ ሰው በንክኪ፣ በማበጠሪያና በፀጉር መላጫ ይተላለፋል። ራሱ ላይ ያበጠና መግል የቋጠረ ልጅ ሲመጣ ግን ከእንስሳ የመጣ ፈንገስም ሊታሰብ ይገባል። ይህን እብጠት ተራ እባጭ ነው ብሎ መብጣት ስሕተት ነው፤ ሕክምናው ከዘገየ ፀጉር የማይበቅልበት ጠባሳ ይቀራል።

የራስ ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም። በአፍ የሚወሰድ ግሪሲኦፉልቪን ስብ ካለው ምግብ ጋር በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል፤ ለትራይኮፋይተን ተርቢናፊንም ተመራጭ ነው። የስቴሮይድ ቅባት ብቻውን መቀባት ምልክቱን ሸፍኖ ፈንገሱን ያስፋፋል።

ስለሆነም ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ጤና ባለሙያው መድኃኒቱን ከመቀየሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መድኃኒቱ በአግባቡ ተወስዶ አልቋል? ከቤተሰቡ ሌላ የታመመ አለ? ውሻው፣ ድመቱ ወይም ጥጃው ፀጉሩ ይረግፋል? የመጨረሻው መልስ አዎን ከሆነ፣ ልጁና እንስሳው በአንድ ጊዜ እንዲታከሙ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባል።