ከስትሮክ በኋላ የእጅን አገልግሎት ለመመለስ የሚሰጡ ሕክምናዎች ንጽጽር

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በመቋረጡ ወይም በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ የሚከሰት ሕመም ነው። ከሕመሙ የተረፉ በርካታ ሰዎች አንድ እጃቸው ስለሚደክም መጻፍ፣ መመገብና ልብስ መልበስ ያዳግታቸዋል፤ ወደ ሥራ ገበታቸው ለመመለስም ይቸገራሉ። የእጅን አገልግሎት ለመመለስ ከሚሰጡት ሕክምናዎች መካከል ሦስቱ በአሠራርም ሆነ በውጤት ይለያያሉ።

የመጀመሪያው ጤነኛውን እጅ በወፍራም ጓንት በመሸፈን የደከመው እጅ እንዲሠራ የሚያስገድደው ዘዴ ነው። ዘዴውን ያዳበሩት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ ናቸው። መነሻቸውም ታማሚው በደከመው እጁ ሞክሮ ሲያቅተው በጤነኛው ብቻ መገልገልን እንደሚለምድና የደከመው እጅ ከአቅሙ በታች እንደሚሠራ መገንዘባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወራት የሆናቸውን 222 ታማሚዎች አካቷል። ለ2 ሳምንታት በዚህ ዘዴ የሠለጠኑት ታማሚዎች ያገኙት መሻሻል ቢያንስ ለአንድ ዓመት መዝለቁ ተረጋግጧል። ሆኖም ዘዴው የሚያገለግለው አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን በጥቂቱም ቢሆን መዘርጋት ለሚችሉ ታማሚዎች ነው።

ሁለተኛው የመስታወት ሕክምና ሲሆን፣ መስታወት በሁለቱ እጆች መካከል ይቆምና ታማሚው የጤነኛውን እጅ እንቅስቃሴ በመስታወቱ ውስጥ ይመለከታል። በዚህም የደከመው እጅ የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የ62 ጥናቶች ግምገማ ዘዴው ከሌላ ሕክምና ጋር ተዳብሎ ሲሰጥ እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል አመልክቷል። ወጪው አነስተኛ በመሆኑም በባለሙያ ከታገዘ ሥልጠና በኋላ በቤት ውስጥ ሊከናወን ይችላል።

ሦስተኛው እጅን ደጋግሞ በሚያንቀሳቅስ ሮቦት የሚሰጥ ልምምድ ነው። በብሪታንያ በ770 ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት በሮቦት የታገዘው ሥልጠና ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር የእጅን አገልግሎት እንዳላሻሻለ አሳይቷል።

ከእነዚህ ጥናቶች መረዳት የሚቻለው የመሣሪያ ውድነት ብቻውን ለተሻለ ውጤት ዋስትና እንደማይሆን ነው። ስለሆነም የጤና ተቋማት ለተሐድሶ ሕክምና በጀት ሲይዙ የታማሚውን እጅ ሁኔታ መርምሮ ተስማሚውን ዘዴ ለሚመርጥና ልምምዱን ከዕለት ተዕለት ሥራ ጋር ለሚያያይዝ ባለሙያ ቅድሚያ መስጠት ይጠበቅባቸዋል።