የዊዳል ምርመራ

የዊዳል ምርመራ የታይፎይድ (የአንጀት ተስቦ) በሽታን ለመጠቆም በደም ላይ የሚደረግ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ስያሜውን ያገኘው ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1896 ካስተዋወቀው ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል ነው። በኢትዮጵያ ትኩሳት ላለባቸው ሰዎች፣ ብዙ ጊዜም ከታይፈስ ምርመራ (ዌይል ፊሊክስ) ጋር አብሮ ይታዘዛል።

አሠራር

ከታካሚው ደም የተለየ ሴረም ከተዘጋጀ የሳልሞኔላ ታይፊ አንቲጅን ጋር ይቀላቀላል። በሴረሙ ውስጥ በቂ አንቲቦዲ ካለ ድብልቁ ይጓጉላል። በስላይድ ላይ ሲሠራ ውጤቱ በደቂቃዎች ይታያል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው።

ውስንነት

ምርመራው የሚያሳየው አንቲቦዲውን እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። ቀደም ሲል ታይፎይድ የያዘው ወይም ክትባት የወሰደ ሰው አሁን በሽታው ባይኖርበትም «ፖዘቲቭ» ሊሆን ይችላል። ወባን ጨምሮ ሌሎች በሽታዎችም ተመሳሳይ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ። በአንጻሩ በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት እውነተኛ የታይፎይድ ታማሚ «ኔጌቲቭ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ዊዳል በሽታውን አያረጋግጥም። የተሻለው ማረጋገጫ ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ መለየት (ብለድ ካልቸር) ነው፤ ሆኖም ቀናት ይወስዳል፣ የተደራጀ ላቦራቶሪም ይፈልጋል። ዊዳል በብዙ ቦታ የቀጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

በጣና ዳርቻ

በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ወባ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይበረታል። ለምሳሌ ከፔዳ ግቢ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት የሚመጣ ተማሪ ሕመሙ ወባ፣ ታይፎይድ ወይም በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። በዊዳል ውጤት ብቻ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከተሰጠው፣ ወባው ሳይታከም ሊከፋበት ይችላል። ለወባ ተብሎ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ናሙና ግን የሚያገረሽ ትኩሳትን ባክቴሪያም ሊያሳይ ስለሚችል ለሁለት ጥያቄ ይጠቅማል።

በድንገተኛ ክፍል

ትኩሳት ኖሮበት ራሱን የሳተ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ለመተንፈስ የተቸገረ ታካሚ በቅድሚያ አተነፋፈሱ፣ የደም ዝውውሩና ንቃቱ ይታያል። የደም ስኳርና የወባ ፈጣን ምርመራ ውጤታቸው በደቂቃዎች ስለሚደርስና ሕክምናውን ስለሚለውጥ አስቀድመው ይሠራሉ። ከባድ ወባ ከሆነ አርቴሱኔት በመርፌ ይሰጣል፤ ማጅራት ገትር ከተጠረጠረም ሕክምናው አይዘገይም። የዊዳል ውጤት ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱንም አይለውጥም። አላስፈላጊ ምርመራ ታካሚውን ገንዘብና ጊዜ ያስወጣል፤ የተሳሳተ «ፖዘቲቭ» ደግሞ ያለ ምክንያት የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ እንዲበዛና ተዋሲያን መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል።