«ተማሪ ነው እንዴ የሚቆምልኝ?»

ሰሞኑን አንድ ወንድም በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የአሳይለም ኬዙን አንድ የሕግ ትምህርት ቤት በነፃ ሊይዝለት ፈቃደኛ ሆኗል፤ ያስጨነቀው ግን ዳኛ ፊት አብረውት የሚቆሙት ተማሪዎች መሆናቸው ነው። «ለኔ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፤ ልጆች ይለማመዱብኝ?» ይላል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለጠበቆች ሳስተረጉም ይህን ስጋት ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ስለዚህ ለእሱ የመለስኩለትን ሰፋ አድርጌ እዚህ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ «ተማሪዎቹን ያዝ» ነው። ረጅሙን በአንድ ሰው የሥራ ዘመን በኩል ባስረዳ ይቀለኛል። ሰውየው ፕሮፌሰር ፊሊፕ ሽራግ ይባላሉ።

ሽራግ የጀመሩት ከስደተኛ ጉዳይ አይደለም። በ1967 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው፤ የአቆጣጠሩን ነገር ወደ በኋላ እመጣበታለሁ) ከዬል ሕግ ትምህርት ቤት ወጥተው ለጥቁር አሜሪካውያን መብት በሚሟገተው የኤንኤኤሲፒ የሕግ መከላከያ ፈንድ ተቀጠሩ። ቀጥለው የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች ተሟጋች ሆኑ፤ ሥራቸው ድሃውን የሚያጭበረብሩ ነጋዴዎችን መክሰስ ነበር። ከዚያ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፣ በፕሬዝዳንት ካርተር ዘመን በጦር መሣሪያ ቅነሳ መሥሪያ ቤት አገለገሉ፣ በ1981 ደግሞ ጆርጅታውን ገቡ። (የጆርጅታውን ሕግ ትምህርት ቤት ጆርጅታውን ሰፈር አይደለም፤ ዩኒየን ስቴሽን አጠገብ ነው። ቀጠሮ ያላችሁ እንዳትሳሳቱ።) እዚያ የመሩት ክሊኒክ መጀመሪያ ሌሎች ጉዳዮችን ይይዝ ነበር፤ ወደ ጥገኝነት ጠያቂዎች የዞረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

የሕክምና ተማሪ አልጋ ለአልጋ እየዞረ በሽተኛ እያየ እንደሚማር ሁሉ፣ በሕግ ክሊኒክም ተማሪው እውነተኛ ባለጉዳይ ይዞ ይማራል። የፌዴራሉ ደንብ የሕግ ተማሪ በአስተማሪ ክትትል ሥር ሆኖ፣ ከባለጉዳዩ ሳንቲም ሳይቀበል፣ ኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲቆም ይፈቅዳል። በሽራግ ክሊኒክ ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመደባሉ፤ ጥንዱ በአንድ ሴሚስተር የሚይዘውም አንድ ባለጉዳይ ነው። ይቺን ያዙልኝ። በገንዘባችን የምንቀጥረው ጠበቃ ጠረጴዛ ላይ ስንት ፋይል እንደሚከመር የምታውቁት ነው። እዚህ ግን ሁለት ወጣቶች፣ ውጤታቸውም እንቅልፋቸውም በእናንተ ኬዝ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወራት ሙሉ ሌላ ሥራ የላቸውም ማለት ይቻላል።

የሽራግ አስተማሪነት አንድ ለየት ያለ ጠባይ አለው። ኮሎምቢያ ሳሉ ከማይክል ሜልትስነር ጋር ሆነው ስለ ክሊኒክ አስተማሪነት ብዙ ጽፈዋል። አቋማቸው ባጭሩ፣ አስተማሪው መልሱን አፍ ላይ አያጎርስም የሚል ነው። ተማሪው «ይህን ምስክር ላቅርበው ወይስ ልተወው?» ብሎ ሲመጣ «አንተስ ምን አሰብክ? ለምን?» ተብሎ ይመለሳል። ባለጉዳይ ሆኖ ለሚሰማው ያስደነግጣል፤ ሊቁ እያለ ልጁ ይወስን? እኔም መጀመሪያ ስሰማው አልወደድኩትም። ግን አሠራሩ የሚያመጣውን ነገር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ከዓመታት በፊት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ሳስተረጉም ባለጉዳዩ ከምርጫ 97 በኋላ የታሰረ ሰው ነበር። «ጥቅምት 22 ቀን 1998፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጥተው ወሰዱኝ» ይላል። ቀደም ሲል ሌላ ሰው የሞላለት ቅጽ ላይ ግን የተጻፈው «ኦክቶበር 22፣ 2006፣ ማታ 8 ሰዓት» ነው። የሞላው ሰው ወሩን በስም ብቻ አቻችሎ፣ ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ፣ ሰዓቱን እንዳለ ገልብጦታል። ትክክለኛው ኖቬምበር 1፣ 2005 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ የሚደመረው ሰባት ነዋ! ሰዓቱም በፈረንጅ ከሌሊቱ 2 ነው። ተማሪዋ አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። ነገር ግን ስለዚያ ዘመን የወጡትን የሰብአዊ መብት ሪፖርቶች ገጽ በገጽ አንብባ ነበርና የጅምላ እስሩ በኖቬምበር 2005 መጀመሪያ እንደሆነ ታውቃለች። ቅጹ ላይ ያለው ቀን አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ ሲገኝ ቆም አለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን አትማ መጣች፤ እያንዳንዱን ቀን በእርሳስ እየከበበች ከልደቱ ጀምራ እስከ ዳለስ ኤርፖርት ድረስ እንደገና አስተረከችው። ሰዓቱንም «ጨለማ ነበር? ጎረቤት ተኝቷል? መብራት ያለው ቤት ነበር?» እያለች አጣራች። ከዚያ አቆጣጠሩን የሚያስረዳ አንቀጽ ከነማስረጃው ከአፊዳቪቱ ጋር አያይዛ፣ ቅጹን አርማ ከችሎቱ በፊት አስገባች። በችሎቱ ዕለት የመንግሥት ጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ቀኑ ነበር። መልሱ ዳኛው እጅ ቀድሞ ደርሷል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ፣ ዳኛው የነገሩን ሥር የማይነካ መፋለስ እንኳ አይቶ «አላመንኩህም» ማለት እንዲችል አድርጓል። የእኛ ሰው አቆጣጠሩ ሌላ፣ ሰዓቱ ሌላ፤ በአባት ስም ስለሚጠራም እናትና ልጅ በወረቀት ላይ ባዕድ ይመስላሉ፤ የአጎቱንም ልጅ «ወንድሜ» ይላል። ውሸት ሳይኖር ውሸታም የሚያስመስል ነገር ሞልቶናል። ይህን ለመፈልቀቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ያለው ደግሞ ተማሪው ነው።

ሽራግን ከብዙ የክሊኒክ አስተማሪ የሚለያቸው፣ በአንድ ባለጉዳይ ላይ ያዩትን ይዘው ወደ ሥርዓቱ መሄዳቸው ነው። በ2007 ከጃያ ራምጂ-ኖጋሌስና ከአንድሩ ሾንሆልትዝ ጋር «ሬፊዩጂ ሩሌት» የተባለ ጥናት አወጡ፤ ኋላ መጽሐፍ ሆኗል። 225 የኢሚግሬሽን ዳኞች የሰጧቸውን 140,000 ያህል ውሳኔዎች መረመሩ። ማያሚ ላይ ከኮሎምቢያ አገር የመጡ ሰዎችን ጉዳይ ሲያዩ አንዱ ዳኛ 5 ከመቶ ሲፈቅድ እዚያው ሕንፃ ያለ ሌላ ዳኛ 88 ከመቶ ይፈቅዳል። ሴት ዳኞች 53.8 ከመቶ ሲፈቅዱ ወንዶቹ 37.3 ከመቶ። ኢትዮጵያም በጥናቱ በተለይ ከታዩት አገሮች አንዷ ነበረች። ለኛ ጥያቄ ዋናው ቁጥር ግን ይኸኛው ነው፦ ጠበቃ ያላቸው 45.6 ከመቶ ሲፈቀድላቸው ጠበቃ የሌላቸው 16.3 ከመቶ ብቻ። የጆርጅታውን ተማሪዎች የያዟቸው ደግሞ ወደ 90 ከመቶ ይጠጉ ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ስታነቡ ግን ተረጋጉ። ክሊኒክ የሚይዘውን ሰው ይመርጣል፤ ደካማ ኬዝ ብዙ ጊዜ በሩን አያልፍም። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የተማሪው ጉብዝና ነው አልልም። ሆኖም መንግሥት በወንጀል ለተከሰሰ ድሃ ጠበቃ ሲያቆም በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን «ጠበቃ መያዝ ትችላለህ፤ ክፍያው ካንተ» በሚልበት አገር፣ በነፃ የመጣን ተከራካሪ ዕድሜው ትንሽ ነው ብሎ መግፋት ለኔ አይገባኝም።

ሽራግ የተሸነፉበትም አለ። በ1996 ኮንግረስ ለጥገኝነት ማመልከቻ የጊዜ ገደብ ሲያወጣ መጀመሪያ የታሰበው 30 ቀን ነበር። እሳቸውና ሌሎች ተሟጋቾች ወጥተው ወርደው ገደቡ አንድ ዓመት ሆነ፣ ለልዩ ሁኔታም ቀዳዳ ተተወለት፤ ጨርሶ ማስቀረት ግን አልቻሉም። ትግሉን በ2000 በመጽሐፍ ጽፈውታል። ሌላው የዴቪድ ኬኒ ጉዳይ ነው። ኬኒ የኬንያ ሻይ ገበሬዎችን አስተባብሮ የታሰረ ሰው ሲሆን ጉዳዩን የያዙት የክሊኒኩ ተማሪዎች ነበሩ። ተረታ። ለአጭር ጊዜ ወደ ኬንያ ተመልሶ መሄዱ ጎድቶታል። በ2008 ከሽራግ ጋር ሆነው ታሪኩን በመጽሐፍ አወጡት። አስተማሪ የክሊኒኩን ሽንፈት በመጽሐፍ ሲያወጣ ብዙ አይታይም፤ ሰውየውን ያከበርኩት ከዚህ በኋላ ነው። «ለእናቴ ሕመም ደርሼ ልምጣ» የምትሉም ኬኒን አስቡ።

የክሊኒክን ጣጣም ልንገራችሁ። ቀጠሮ ይበዛል። ያንኑ የእስር ቤት ታሪክ አሥሬ ያስተርኳችኋል፤ የሚያምም ነገር ነው፣ እያለቀሰ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ችሎቱ ከተራዘመ ተማሪዎቹ ይሄዱና አዲሶች ይመጣሉ፤ እንደገና ትውውቅ። የሚቀበሉት ሰውም ጥቂት ነው፤ ጆርጅታውን ቢሞላ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲና የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮችም አሉ፣ ሁሉም ጋ ደውሉ። ስትደውሉ የችሎት ቀናችሁንና አሜሪካ የገባችሁበትን ቀን በእጃችሁ ያዙ፤ በቅድሚያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ከገባችሁ አንድ ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ካለ ደግሞ ሴሚስተር እስኪከፈት አትጠብቁ። አይ-589 የሚባለውን ቅጽ ዓመቱ ሳያልፍ አስገቡ፤ ማስረጃውን ክሊኒኩ በኋላ ሊጨምርበት ይችላል። ቅጹን የሚሞላላችሁ ሰው ቀኖቹን እንዴት እንደሚቀይር ግን ከጎኑ ቁጭ ብላችሁ እዩ።