አሥራ ስምንቱ ነጥቦች እንዴት አንድ ኮከብ ሆኑ

ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳውን የመጀመሪያ የኮከብ ምስል የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም። ናሳ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ሲያወጣው፣ በጥቁር መደብ ላይ ያለ ሥርዓት የተበተኑ 18 የደበዘዙ ነጥቦች ይታዩበት ነበር። አሥራ ስምንቱም አንድ ኮከብ ናቸው፤ በታላቁ ድብ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለው፣ ኤችዲ 84406 የሚባለው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ባለቀለሞቹ ምስሎች ወጥተው ዓለም ሲነጋገርባቸው ያቺ የመጀመሪያዋ ምስል ተረሳች። የቴሌስኮፑ ታላቅ ሥራ ግን የተሠራው በሁለቱ መካከል ነው፤ መስታወቶቹን በማቀናናት።

አንጸባራቂ ቴሌስኮፕ በአሠራሩ ቀላል ነው። ጎድጎድ ያለው ዋና መስታወት ብርሃን ይሰበስባል፤ ፊት ለፊቱ ያለችው ትንሽ መስታወት ወደ ዓይን ወይም ወደ ካሜራ ትመልሰዋለች። ኒውተን በ1668 የመጀመሪያውን ሲሠራ መስታወቱ ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሞረደ፣ ከመዳፍ የማይሰፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ሲያድግ አንድ ግዴታ ግን ባለበት ቀርቷል፤ መስታወቶቹ ፊት ለፊት በትክክል መተያየት አለባቸው።

ይህን ግዴታ የሚረሱት የግል ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ይህ ጸሐፊ ደጋግሞ የሚሰማው ስሞታ አለ፦ «መስታወቱ የረባ አይደለም፤ ኮከቡ ጅራት ያወጣል።» ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከዋናው መስታወት ጀርባ ያሉትን ሦስት ማስተካከያ ብሎኖች፣ ዕቃው ከካርቶን ከወጣ ጀምሮ ማንም አልነካቸውም። በመንገድ ሲንገጫገጭ የመጣ መስታወት በቦታው እንዲቀር መጠበቅ ተገቢ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥሮ ምስሉን ሆን ብሎ ማደብዘዝ። ኮከቡ ክብ ቀለበት ይሆናል፣ መሃሉ ላይም የትንሿ መስታወት ጥላ ይታያል። ጥላው ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ብሎኖቹን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ ወደ መሃል መመለስ ነው። ይህን ትቶ አቧራ አየሁ ብሎ መስታወቱን በጨርቅ የሚወለውል ሰው ግን ሊወቀስ ይገባዋል። ስስ አቧራ የሚሰርቀው ብርሃን ኢምንት ነው፤ የጨርቁ ጭረት ግን አይጠፋም።

ሙቀትም እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዊልሰን ተራራ ላይ የተተከለው ባለ 2.5 ሜትሩ ሁከር ቴሌስኮፕ በኖቬምበር 1917 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ ሲዞር፣ አስገንቢው ጆርጅ ሄል ጁፒተርን አየ፤ ያየው ግን ስድስት ጁፒተር እርስ በርሱ ተደራርቦ ነበር። ሠራተኞች ቀን ላይ ጉልላቱን ክፍት ትተውት ፀሐይ መስታወቱን አሙቃዋለች። ሄልና ባልደረባው አዳምስ ሌሊቱ እስኪጋመስና መስታወቱ እስኪበርድ ጠበቁ። ሊነጋ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ቬጋ ላይ አነጣጠሩ፤ ኮከቡ ጥርት ብሎ ታየ።

መስታወት ሲገዝፍ ክብደቱ ራሱን ያጎብጠዋል። በ1948 የተመረቀው የፓሎማሩ ቴሌስኮፕ መስታወት 5.08 ሜትር ስፋትና 14.5 ቶን ክብደት ነበረው፤ በዚያ መንገድ ብዙ ርቆ መሄድ አልተቻለም። መውጫውን ያገኘው ጄሪ ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፦ አንድ ትልቅ መስታወት ከመሥራት፣ ትናንሽ ባለ ስድስት ጎን መስታወቶችን ገጣጥሞ እንደ አንድ ማሠራት። በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ የቆመው የኬክ ቴሌስኮፕ 36 እንዲህ ያሉ ክፍሎች አሉት። በ1990 በዘጠኙ ብቻ የመጀመሪያውን ብርሃን ተቀበለ። በክፍሎቹ ጠርዝ ላይ ያሉ 168 መለኪያዎች አንዱ ከጎረቤቱ መዛነፉን እየጠበቁ ይናገራሉ፤ 108 ገፊ መሣሪያዎችም በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ወደ ቦታው ይመልሱታል።

ዌብ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ የጠርዝ መለኪያ ግን የለውም። በወርቅ የተለበጡት 18 የቤሪሊየም መስታወቶች፣ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በትክክል መቆማቸውን የሚመሰክርላቸው የኮከብ ብርሃን ብቻ ነው። እያንዳንዱ መስታወት ከጀርባው ሰባት ሞተሮች አሉት፦ ስድስቱ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ያንቀሳቅሱታል፣ ሰባተኛው መሃሉን እየሳበ ወይም እየገፋ ጉድጓዱን ያስተካክላል።

ሥራው የተጀመረው ነጥቦቹን በመፈለግ ነው። ባለሙያዎቹ ቴሌስኮፑን በኮከቡ ዙሪያ ወደ 156 አቅጣጫዎች አዙረው፣ በ25 ሰዓት ገደማ ውስጥ 1,560 ምስሎች አነሱ። ከዚያ መስታወቶቹን አንድ በአንድ እየነቀነቁ የትኛው ነጥብ እንደሚንቀሳቀስ አዩ፤ በዚህም የእያንዳንዱ ነጥብ ባለቤት ታወቀ። ነጥቦቹን ማጥራትና አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ቀጠለ። አሥራ ስምንቱ ነጥቦች አንድ ደማቅ ነጥብ ሆኑ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስለ ዌብ የሚያወራ ሰው ታሪኩን «ነጥቦቹ አንድ ሆኑ፣ ቴሌስኮፑም ተዘጋጀ» ብሎ ይደመድመዋል። አልተዘጋጀም። በዚያ ሰዓት ዌብ የ18 መስታወት ብርሃን ቢሰበስብም፣ የምስሉ ጥራት የአንዲት ባለ 1.32 ሜትር መስታወት ጥራት ነበር። ከአዲስ አበባ በላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች መስታወታቸው እያንዳንዱ 1 ሜትር ነው፤ የተደረበው ዌብ ጥራቱን ያገኘው ከእነርሱ ብዙም ከማይሰፋ መስታወት ነበር ማለት ነው። ወደ 6.5 ሜትሩ ጥራት፣ ማለትም አምስት እጥፍ ገደማ ወደ ጠራ ምስል ለመድረስ፣ ከመደረብ እጅግ የረቀቀ ሥራ ቀርቶ ነበር።

ምክንያቱም ብርሃን ሞገድ ነው። ከአንዱ መስታወት የመጣው ሞገድ ጉብታ ከሌላው ጉብታ ጋር ሲገጥም ይደጋገፋሉ፤ በሌላው ጎድጓዳ ላይ ካረፈ ይጠፋፋሉ። በማኅሌት ላይ አሥራ ስምንት ደብተራዎች በአንድ ረድፍ ስለቆሙ ብቻ ሽብሸባው አያምርም፤ ከከበሮው ጋር እኩል ሲያዘነብሉና እኩል ሲቃኑ ነው። የዌብ መስታወቶችም በአንድ ቦታ ላይ ማነጣጠራቸው አይበቃም፤ ከፍታቸው በ50 ናኖሜትር ገደማ ልዩነት ውስጥ መስተካከል አለበት። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ መስታወት ከጎረቤቱ ዝቅ ቢል ደግሞ ብርሃኑ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚዘገይ ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል።

ይህን ከፍታ መለካት ራሱ ወጥመድ አለው። በአንድ ቀለም ብርሃን ብቻ የለካ ይታለላል፤ መስታወቱ ልክ ግማሽ የሞገድ ርዝመት ዝቅ ካለ የብርሃኑ መንገድ በአንድ ሙሉ ሞገድ ይረዝማል፣ ጉብታ እንደገና ከጉብታ ይገጥማል፣ ምንም ጉድለት የሌለ ይመስላል። ማምለጫው እጅግ ያምራል፦ ከሁለት መስታወቶች የመጣውን ብርሃን አንድ ላይ ወስዶ እንደ ቀስተ ደመና በቀለም በቀለሙ መዘርዘር። አንዱን ቀለም ያታለለ ከፍታ ሁሉንም ቀለሞች ሊያታልል አይችልም። በተዘረዘረው ብርሃን ውስጥ ደማቅና ጨለማ መስመሮች ይወጣሉ፤ መስታወቶቹ እኩል ከሆኑ መስመሮቹ ቀጥ ይላሉ፣ ካልሆኑ ይንጋደዳሉ፣ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥርም መንጋደዱ ይበዛል። ባለሙያዎቹ መስታወቶቹን በ20 ልዩ ልዩ ጥንዶች እያቀናጁ እንዲህ ለኩ።

የመጨረሻው እርማት የተገኘው ከሌላ ቴሌስኮፕ መከራ ነው። ሀብል በ1990 ወደ ጠፈር ሲወጣ ምስሉ ደብዛዛ ሆነ። ያኔም ዛሬም «መስታወቱን ቢያቀናኑት ኖሮ» የሚል ይሰማል። የሀብል መስታወት አልተንጋደደም፤ እጅግ በጥንቃቄ የተወለወለው ወደ ተሳሳተ ቅርጽ ነበር። ቅርጹን የሚፈትሸው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊሜትር ከቦታው ስለራቀ፣ የመስታወቱ ጠርዝ በ2.2 ማይክሮሜትር ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆነ። ማቀናናት ቦታን እንጂ ቅርጽን አያርምም፤ ስለዚህ ጠፈርተኞች በዲሴምበር 1993 ማረሚያ መስታወቶች ይዘው መሄድ ነበረባቸው። ከዚያ በፊት ግን የሒሳብ ሰዎች ከደበዘዙት የኮከብ ምስሎች ተነስተው የስሕተቱን መጠን ወደ ኋላ አሰሉ። ዌብ ላይ ያገለገለው ያው ዘዴ ነው፦ ኮከቡን ሆን ብሎ አደብዝዞ ማንሳት፣ ከድብዘዛው መልክ የእያንዳንዱን መስታወት ጥፋት ማስላት። በማርች 2022 ሥራው ሲያልቅ አንድ ኮከብ ጥርት ብሎ ታየ፤ ከጀርባውም ማንም ያልጠራቸው ጋላክሲዎች ተደርድረው ነበር።

ዌብ ዛሬም በየሁለት ቀኑ ገደማ መስታወቶቹ ይፈተሻሉ። በሜይ 2022 አንዲት የጠፈር ጠጠር ሲ3 የተባለውን ክፍል መታችው፤ ባለሙያዎቹ ያንኑ መስታወት እንደገና አስተካክለው የጉዳቱን ከፊል አካካሱ።

በቺሊ በረሃ፣ አርማሶኔስ ተራራ ላይ እየተገነባ ያለው የአውሮፓውያኑ ቴሌስኮፕ ደግሞ 39 ሜትር የሚሰፋ ዋና መስታወት ይኖረዋል፤ 798 ክፍሎች ያሉት። ሥራ ሲጀምር በየቀኑ ሁለት ክፍሎች ወጥተው አንጸባራቂ ልባሳቸው እንዲታደስ ታቅዷል፤ በምትካቸው የሚገቡት ሁለቱም ከጎረቤቶቻቸው ጋር በናኖሜትር ልክ እንደገና መቀናናት ይኖርባቸዋል።